የአሮጌ ቮልስ ፍሬን በልጅ እጅ

ቮልስ ያላየ ጎንደሬ ምናልባት ይኖር ይሆናል፤ አዲስ አበባን ረግጦ ቮልስ ያላየ ግን የለም። በ1991 ከመምጣታችን በፊት አዲስ አበባ ላይ ወራት የጠበቅን ሁሉ፣ ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ ትንሽ መኪና ሞተሯን ከኋላ ተሸክማ ዳገቱን እያጉረመረመች ስትወጣ ሰምተናል። አፄ ኃይለ ሥላሴም ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት እሷን ነው፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974፣ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1967። ፋብሪካው የመጨረሻዋን በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስኪያወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ይህን ያህል ስለተሠራ መለዋወጫዋ ዛሬም አይጠፋም። መለዋወጫ ስለማይጠፋ ደግሞ ልጆቻችን ይገዟታል።

አዎ፣ ይገዟታል። ከሠራዊት የወጣ ልጅ፣ ሌላው ለሩቅ አገር ጉዞ የሚያጠራቅመውን ገንዘብ ይዞ ሄዶ ከአባቱ ጋር እኩያ የሆነች መኪና ጎትቶ ያመጣል። እዚህ አገር ከተሠራች 30 ዓመት የሞላት መኪና የሰብሳቢ መኪና ተብላ ልትመዘገብ ስለምትችል ልጁ መብቱ ነው። እናት ከመስኮት አይታ «ይህን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው?» ትላለች። አባት ዝም ይላል። እኔ መምህር ስለሆንኩ በወላጆች ስብሰባ ከማርክ ቀጥሎ የምጠየቀው እንዲህ ያለውን ነው። ባለፈው ክረምት የመጣው ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም፦ «ፍሬኑን እኔው ራሴ እቀይራለሁ ይላል፤ ልተወው ወይስ ልከልክለው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ሞተር ቢበላሽ መኪናዋ ትቆማለች። ፍሬን ቢበላሽ ግን አትቆምም። መልሴ «ተዉት፣ ግን እንዲህና እንዲህ ካደረገ» የሚል ነው። እንዲህና እንዲህ የሚለውን ነው ዛሬ የምጽፈው፤ እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ እንድታውቁት።

መጀመሪያ ቋንቋውን እንስማማ። አባት «ፍሬን» ሲል ልጅ «ብሬክሲም» ይላል። ፍሬን ከጣሊያን የቀረን ቃል ነው፤ ታምቡር፣ ሞላ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፒሊያ፣ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ብሬክሲም ደግሞ የዚህ አገር መካኒኮች ከእንግሊዝኛ የወሰዱት ነው፤ የእጅ ፍሬኑንም «አምብሬክስ» ይሉታል። ስለዚህ አባትና ልጅ አንዲት መኪና ስር ተጋድመው አንዱ በጣሊያን፣ አንዱ በእንግሊዝ ቃል ይጨቃጨቃሉ። ታምቡሩን እዚህ «ቶፍ» ይሉታል፣ ከበሮ ማለት ነው፤ ጣሊያኑም ያለው ይህንኑ ነው። ታምቡሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቅስት ብረቶች የዚህ አገር ሙሳክ «ሳንዳሊም» ይላቸዋል፤ እኛ «የፍሬን ሸራ» እንላለን። በዚህ በዚህ የእኛ አጠራር ይበልጣል ባይ ነኝ። ብረቱ ላይ የሚለጠፈው ሽፋን በጥንት ጊዜ በእርግጥም የተሸመነ ነበርና፤ መጀመሪያ ጥጥ፣ ኋላ አስቤስቶስ። የሸማኔ ልጆች የሆናችሁ ይህን ስሙልኝ። ወደ አስቤስቶሱ እመለስበታለሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታምቡሩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ እንደ ድስት ክዳን የተገለበጠ ብረት ነው። በውስጡ ሁለት ሸራዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ ይገፋና በየጎማው ያለችውን ትንሽ ሲሊንደር ይከፍታታል፤ እሷ ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። እግር ሲነሳ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል። በአብዛኞቹ ቮልሶች አራቱም ጎማ እንዲህ ነው፤ ጠቅላላ ስምንት ሸራ ማለት ነው። የመኪናዋ ሩጫ ያኔ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በ100 ከምትሮጥ መኪና የሚወጣው ሙቀት በ50 ከምትሮጠው አራት ጊዜ ይበልጣል። ልጁ ይህን በፊዚክስ ክፍል ተምሮታል፤ ማስታወስ ግን አይጎዳም።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የቆዩት ቮልሶች የዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ባዶ ይቀራል፣ ፔዳሉ ወለሉን ይመታል። በኋላ የመጡት ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዛል። ልጃችሁ የገዛት የትኛዋን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ሥራው ከዚያ ይጀምር።

አሁን ወደ አንድ ጎረቤቴ ቤት ልውሰዳችሁ። ልጁ የገዛት የ1969 ቮልስ ናት። ፍሬን ሲይዝ ወደ ግራ ትስባለች። እሱ «ሸራው አልቋል» ብሎ ደምድሞ አዲስ ሸራ አዝዞ፣ ዕቃው መጥቶ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ነው እኔ የደረስኩት። ሸራ ማለቅ ብቻውን መኪና ወደ አንድ ጎን አይጎትትም። ወደ ግራ የምትስብ መኪና ብዙ ጊዜ የታመመችው በቀኝ ነው፤ ቀኙ አልያዘም፣ ግራው ብቻውን ያዘ። የቀኙ የፊት ጎማ ሲከፈት እንዳልኩት ሆነ። ትንሿ ሲሊንደር ጎማዋ ደክሞ ዘይት አንጠባጥባለች፣ ሸራው ጠጥቶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም። በአገራችን በቤንዚን አጥበው፣ በእሳት ለብለብ አድርገው መልሰው የሚገጥሙ ሰዎች አሉ፤ ለአንድ ቀን ይይዛል፣ ሲግል ግን የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። መጣል ነው። ሲሊንደሯም አብራ መቀየር አለባት፣ አለዚያ አዲሱም ሸራ በሳምንት እንደ አሮጌው ይሆናል።

የኋላ ጎማ ላይ እርጥበት ከተገኘ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ በውኃ ይታጠባል፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል። የማርሽ ዘይት ወፍራም ነው፣ እንደ ዲን ይሸታል፣ በውኃ አይለቅም። የመጀመሪያው ከሆነ ሲሊንደሯ ናት። ሁለተኛው ከሆነ የአክሱ ዘይት መከልከያ ላስቲክ ነው፤ እሱ ሳይቀየር ሸራ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። በአፍንጫ ብቻ የሚለይ ነገር ነውና እናቶች እዚህ ላይ ከማንም በልጣችሁ ትረዳላችሁ።

ዕቃ ሲታዘዝ የመኪናዋ ዓመት መነገር አለበት። የኋላው ሸራ እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከ1968 ወዲህ 40 ሆነ። የሚታዘዘው ደግሞ ለአንድ ጎማ ሳይሆን ለግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ መኪና ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሞላዎቹንም አብሮ መግዛት ነው፤ ዋጋቸው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፣ የሃምሳ ዓመት ሞላ ደግሞ ግሎና ቀዝቅዞ ጉልበቱን ጨርሷል። አዲስ ኮፒሊያ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ሁለት ጠንካራ የብረት ማቆሚያዎች። ማቆሚያውን ሳያይ አባት ልጁን ወደ ሥራ አያስገባው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር የሚገባ ልጅ ካለ እግሩን ይዞ መጎተት ነው፤ ኋላ ቢቆጣ ይቆጣ።

አሁን ስለ አቧራው። ታምቡሩ ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ዱቄት ይገኛል። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ሙቀት ስለሚችል ነው የተመረጠው። ዱቄቱ በዓይን የማይታይ ጭረት አለው፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ የሚያመጣው ነቀርሳ ደግሞ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው የሚገለጠው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አርባ ዓመት አይታየውም። ለእናንተ ነው የሚታየው። እዚህ አገር ስለ አስቤስቶስ በ2011 ሕግ ወጥቶበታል፤ ዛሬ የሚሸጠው ሸራ ያለ አስቤስቶስ የተሠራ ነው። አሮጌዋ መኪና ላይ የተቀመጠው ግን መቼ እንደተገጠመ ማን ያውቃል? ስለዚህ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው።

እንዴት? በአፍ እፍ አይባልም። በአየር መንፊያ አይነፋም፤ ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ራቁ። በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። ጥቂት ሳሙና የገባበት ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይረጫል፣ ዱቄቱ ጭቃ ይሆናል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁና አሮጌው ሸራ በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለብቻ ይቀመጣል። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ የት እንደሚወሰድ ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ ነው። ከኮሮና የተረፈው ሰማያዊ ጭምብል ለዚህ አይበቃም፤ ኤፍኤፍፒ 3 የሚባለው፣ ፊት ላይ ግጥም የሚለው ነው የሚያስፈልገው። ልብሱን ደግሞ ሳያራግፍ ከነእርጥበቱ ለብቻው ይታጠብ። በየአገሩ የአስቤስቶስ ሠራተኛ ሚስቶች ፋብሪካ ሳይረግጡ የባላቸውን ልብስ በማጠብ ብቻ ታመዋል። ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ፣ ሥራው እስኪያልቅ አይቅረቡ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የፊቱ በአንድ ቀን አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ የግራው የፊት ጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው ሁሉ በሚፈታበት አቅጣጫ እሱ ይጠብቃል። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድም በዚያው ጎማ መሐል ነው የሚያልፈው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ ሳያወጡ ክዳኑን መጎተት ገመዱን መበጠስ ነው። ልጁ ይህን አንብቦ ነበርና ችግር አልገጠመውም።

ችግሩ የኋላው ነበር። የኋላው ታምቡር በአንድ ትልቅ ባለ 36 ዳዶ ተይዟል፤ የሚላቀቀው ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ማርሽ ገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ተጨምሮ ነው። ያ ወጣ። ታምቡሩ ግን እንቢ አለ። ልጁ ጎተተ፣ ዘይት ቀባ፣ ጎተተ። ኋላ ትልቁን መዶሻ አነሳ።

አባትየው እስከዚያ ድረስ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩ ነበር። እኚህ ሰው በደምቢያ የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም ማረሻና ማጭድ ሲያወጡ ኖረዋል። የምታውቁት ታሪክ ነው፦ «ቡዳ» እያለ የሚሰድበን ሰው ማረሻው ሲዶለዱም የሚመጣው ወደ እኛው ወናፍ ነበር። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ግን የያዙት መጥረጊያ ነው፤ በአንድ ፋብሪካ ጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ልጆቻቸው አባታቸው ብረት እንደሚያውቁ ሰምተው ይሆናል፣ አይተው ግን አያውቁም። መዶሻው ከፍ ሲል «ተው!» አሉ። ድምፃቸውን እንዲያ ከፍ አድርገው ሰምቼ አላውቅም።

«ይኼ ፈስሶ የተሠራ ብረት ነው» አሉት በአማርኛ። «የተቀጠቀጠ አይደለም። የተቀጠቀጠ ብትመታው ይጎብጣል፣ ይኼ ግን ይሰነጠቃል።» እውነት ነው፤ የቮልስ ታምቡር በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ትንሿን መዶሻ ወሰዱና ጠርዙን ሳይሆን ወደ መሐሉ ቀረብ ብለው ዙሪያውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረጉ ዞሩት። አልወጣም። በዚህ ጊዜ ልጁ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ታምቡሩ በመፋተግ ብዛት ውስጡ ተቦርቡሮ ጠርዙ ላይ እንደ ከንፈር ያለ ጎበጥ ይቀራል፤ ሸራዎቹ እዚያ ላይ ይያዛሉ። ሸራዎቹ ወደ ውስጥ ካልተሰበሰቡ ታምቡሩ በጉልበት አይወጣም። የሚሰበስባቸው ደግሞ በየጎማው ሁለት ሁለት ያሉት የኮከብ ቅርጽ ማስተካከያዎች ናቸው። በካቻቢቴ ጥርስ በጥርስ ወደ ኋላ መለሳቸው፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላላው፤ አባትየው ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት ታምቡሩ ራሱ ተንሸራቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በመጽሐፍ ላገኘው እችል ነበር፤ ሲደረግ ማየት ግን ሌላ ነው። ታምቡሩን በደንብ አሳጠቡት፣ አደረቁት፣ በሽቦ አንጠልጥለው በትንሿ መዶሻ አንዴ መቱት። ጮኸ፣ ድምፁም ቆየ። «ጤነኛ» አሉ። የግራው ወጥቶ እንዲሁ ተንጠለጠለ። ሲመቱት «ዱብ» ብሎ ወዲያው ሞተ። ፊታቸውን አዙረው «ይህን አትግጠም» አሉ። ልጁ ምንም አላየም፤ በባትሪ፣ በጨርቅ፣ በጥፍሩ እየፈለገ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። መሐሉ ላይ፣ አክሱ የሚገባበት ጥርሶች አጠገብ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ያ ታምቡር በሩጫ ላይ ቢከፈል ኖሮ ጎማው የት እንደሚሄድ አስቡት። አዲስ ታምቡር ታዘዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ብረት የሆነ ነገር በእጁ ሲገባ «አባ፣ እስቲ ይህን ስማልኝ» ይላል።

ታምቡሩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ስፋቱ መለካት አለበት። ብዙ የተበላ ታምቡር ይሳሳል፣ ይግላል፤ ውስጡ ጎድጓዳ መስመር ካወጣ ሙሳክ ወስዶ ማስላግ ነው፣ ከገደቡ ካለፈ ግን ተልጎም አያገለግልም። ይህን ለሙሳኩ ተዉት፤ የቤት ሜትር አይለካውም።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዱ ጎን ተገጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት፤ ሞላው የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደነበር ሲረሳ ዞሮ የሚያየው ምሳሌ ይኑረው። ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው፣ በስልካቸው የማያነሱት ነገር የለም፤ አንዴ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል። እጅ ንጹሕ ይሁን፦ ግራሶ የነካ ጣት አዲሱ ሸራ ላይ ካረፈ ተበላሸ። ሸራው ከኋላ ሰሌዳው ጋር በሚነካካበት ቦታ ብቻ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣት ጫፍ ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። የማስተካከያዎቹ ጫፍ ላይ ሸራው የሚቀመጥበት ስንጥቅ ሰያፍ ነው፤ እንደ አሮጌው አቅጣጫ ካልዞረ ሸራው ጠማማ ይቀመጣል። የኋላው ሸራ ላይ የእጅ ፍሬኑ ማንሻ አለ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወሩን አይርሳ። ሞላው በፒንሳ ሲሳብ ሊያመልጥና ዓይን ሊመታ ይችላል፤ መነጽር ያድርግ።

ከሁሉ በላይ ግን ባለ 36ቱ ዳዶ። መጥበቅ ያለበት በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ልክ የሚያጠብቅ መለኪያ ያለው ቁልፍ መከራየት ይሻላል። መለኪያ ከሌለ የምናስተምረውን ሒሳብ ልንገራችሁ፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቁልፉን አግድም አድርጎ ከዳዶው መሐል 43 ሴንቲ ሜትር ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ ያን ያህል ይሆናል። ያኔም ጎማው መሬት ላይ መሆን አለበት። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ወደ ፊት ጨምሮ ማጥበቅ ነው፤ ወደ ኋላ ማላላት በጭራሽ። ይህ ዳዶ ላልቶ የቀረ እንደሆነ የታምቡሩ ጥርሶች ቀስ በቀስ ይበላሉ፣ አንድ ቀን ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም። አባት ሌላውን ሁሉ ባይከታተል እንኳ ኮፒሊያው ገብቶ ጫፉ መታጠፉን በዓይኑ ይይ።

ሲሊንደር ከተቀየረ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷልና መውጣት አለበት። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማ ሥር። ከዘይቱ ፓምፕ ከሚርቀው ይጀመራል፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። ከታች ያለው «ርገጥ» ሲል ከላይ ያለው ይረግጣል፣ «ያዝ» ሲል ይይዛል፤ ቡሎኑ ተከፍቶ አየሩና ዘይቱ ይወጣል፤ ተዘግቶ «ልቀቅ» እስኪባል እግር አይነሳም። ቀድሞ ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ጎረቤቴ ቤት ላይ የሆኑት አባትየው ነበሩ፤ ልጁ ከሥር በዕብራይስጥ ሲጮህ እሳቸው በአማርኛ «ይዣለሁ» ይሉ ነበር፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። የዘይቱ ዕቃ እስከ ታች እንዳይጎድል ሌላ ሰው ይጠብቀው። ዘይቱ ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፤ ከዓመት በፊት የተከፈተ ጠርሙስ ይጣል፣ መኪናዋም ላይ ያለው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የሞተር ዘይት በስህተት ከገባ ላስቲኮቹ ሁሉ ያብጣሉ፣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

ማስተካከሉ በእጅ ነው፤ ይቺ መኪና ራሷን አታስተካክልም። ኮከቡ ጎማው እስኪያዝ ድረስ ይዞራል፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ ይመለሳል። ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተረግጦ ሸራዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ እንደገና ይታያል። ስምንት ኮከብ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ መሰልቸት ግን አያዋጣም። የእጅ ፍሬኑ በመጨረሻ ይስተካከላል፤ አራተኛዋ ጠቅ ላይ ጎማው በእጅ መዞር የለበትም።

እንግዲህ ልጁ ሠርቶ ጨረሰ። መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ያለው የፍሬን መካኒክ ይየው። ከ15 ዓመት በላይ የሆነች መኪና ለቴስት ስትቀርብ የፍሬን ማረጋገጫ ከሙሳክ ትጠየቃለችና ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው መድረሻው። አንዳንድ ሙሳክ የቤት ሥራን ያጣጥላል፤ ልጁ አይናደድ፣ የሚሉትን ይስማ፣ መኪናዋን በመፈተሻው ላይ ሲያቆሟት ግራና ቀኙ እኩል መያዙን ቁጥሩን ይጠይቅ።

አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ በሙሉ ገላው አይነካም፤ የተወሰነ ቦታው ብቻ ነው ታምቡሩን የሚያገኘው። ለመጀመሪያዎቹ 200 እና 300 ኪሎ ሜትሮች ከተማ ውስጥ፣ በዝግታ፣ ለስለስ ባለ አያያዝ ይነዳ። ከዚያ ኮከቦቹ እንደገና ይስተካከሉ፤ ሸራው ቦታውን ሲይዝ ፔዳሉ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር አሁኑኑ ልውረድ የሚል ካለ ይቆይ። ያ መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከባሕር በታች 400 ሜትር አልፎ ይወርዳል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉ ይረዝማል፣ መያዙ ይደክማል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህን ያውቃል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ጥሩ ሹፌር ገና ከአፋፉ ማርሽ ያወርድ ነበር፤ መኪናውን ሞተሩ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ ለመጨረሻው ይቀመጣል። ፍሬኑን እንደረገጠ የወረደው ከመካከሉ ላይ የተቃጠለ ሽታ ይሸተው ነበር። በቮልስም ሕጉ ያው ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ። ዝናብ ላይም እንዲሁ፦ ታምቡር ውኃ ከገባበት የመጀመሪያው አያያዝ ባዶ ይሆናል፤ ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ፔዳሉን በቀስታ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሲመለስ መኪናዋን አቁሞ፣ እጁን ሳያስነካ ወደ አራቱም ጎማ መሐል ያስጠጋ። አራቱም ለብ ካሉ ደህና ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጋለ፣ እዚያ ጎማ ላይ ሸራው አልተመለሰም ማለት ነው፤ ወይ ኮከቡ ጠብቋል፣ ወይ ሞላው በተሳሳተ ቀዳዳ ገብቷል፣ ወይ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ቱቦው ውስጥ ዝጎ ይዞታል። እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅና ያ ጎማ እንደገና ይከፈታል።